የራስ ቅልን ከአንጎል ምስል የመለየት ታሪክ፦ ስሕተቶቹ ምን ያስተምሩናል?



ተወልጄ ያደግሁት በአምደወርቅ ነው። የዋግ ሰው ስለ መቀነስ ጥበብ ለማሰብ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይበቃዋል። ሌላው ሕንፃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ይሠራል፤ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ግን አለቱ እየተነሣ ይሠራል። ጠራቢው ጥቂት ብቻ ካነሣ ቅርጹ አይወጣም፤ ካበዛም የተቆረጠው ዓምድ ተመልሶ አይቆምም። ዛሬ ታሪኩን የማቀርብላችሁ ሥራም የመቀነስ ሥራ ነው፤ በኤም.አር.አይ. ከተነሣ የጭንቅላት ምስል ላይ የራስ ቅሉን፣ ቆዳውን፣ ዓይኑንና አንገቱን አንሥቶ አንጎሉን ብቻ ማስቀረት። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ፖል ላውተርበር በማግኔቲክ ሬዞናንስ የተገኘውን የመጀመሪያ ምስል ያሳተመው በ1973 ነው። ከፒተር ማንስፊልድ ጋር በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ምስሉን በዓይኑ ለሚመረምር ሐኪም የራስ ቅል እንቅፋት አልነበረም፤ አእምሮው ራሱ ይለየዋልና። ችግሩ የተወለደው ማየት ወደ መለካት በተሸጋገረ ጊዜ ነው። ኮምፒውተር አጥንትን ከአንጎል አይለይም፤ የሚያውቀው የእያንዳንዱን ነጥብ የብሩህነት ቁጥር ብቻ ነው። ጠጣሩ አጥንት በኤም.አር.አይ. ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በአጥንቱ ውስጥ ያለው መቅኔና ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ግን ብሩህ ናቸው። አንጎልን የሚሸፍነው ዱራ የተባለው ጠንካራ ሽፋንም በአንዳንድ ስፍራ ከአንጎሉ ጋር የተጣበቀ ይመስላል። ስለዚህ አንድ የብሩህነት ወሰን አስቀምጦ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም።

በመጀመሪያ ተመራማሪዎች የአንጎሉን ዳር በየገጹ በእጃቸው ያሰምሩ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ምስሉን ከዳር እየሸረሸረ ዓይንንና አንጎልን የሚያገናኙትን ቀጫጭን ድልድዮች የሚበጥስ፣ ከዚያም የቀረውን መልሶ የሚያሰፋ ነበር። በ2002 የኦክስፎርዱ ስቲቨን ስሚዝ ቢ.ኢ.ቲ. የተባለውን መሣሪያ አሳተመ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የምስሉን የክብደት ማዕከል ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ ትንሽ ኳስ ያኖራል፣ ኳሱንም የአንጎሉ ዳር እስኪገታው ድረስ ይነፋዋል። በ2004 እነ ፍሎራን ሴጎን የውኃ ተፋሰስን ሐሳብ ከእንዲህ ያለው ተለጣጭ ገጽ ጋር አጣመሩ፤ ዘዴያቸውም ፍሪሰርፈር ከተባለው ሶፍትዌር ጋር ተዛመተ።

ለታሪክ ጸሐፊ ግን ከስኬቱ ይልቅ ስሕተቱ የበለጠ ይናገራል፤ እያንዳንዱ ስሕተት መሣሪያው በልቡ የያዘውን ግምት ይገልጣልና። የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት የአንድን ሰው ሁለት ምስሎች፣ በመካከላቸው አንድ ዓመት ያለፈባቸውን፣ አነጻጽሬ አንጎሉ በእጅጉ መቀነሱን ጻፍሁ። ሰውዬው ግን ደኅና ነበር። የመጀመሪያው ምስል እስከ አንገት ድረስ የተነሣ ሲሆን ሁለተኛው ከአገጭ በላይ ያበቃ ነበር። በመጀመሪያው የክብደት ማዕከሉ ወደ ታች ወርዶ ኳሱ በተሳሳተ ስፍራ ስለ ተነፋ፣ የአንገት ሥጋ እንደ አንጎል ተቆጥሮ ነበር። እኔ በሽታ ብዬ የጻፍሁት የአቆራረጥ ልዩነትን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማልጥሰው ቅደም ተከተል አለኝ። አስቀድሜ የተቆረጠውን ዳር በዋናው ምስል ላይ ደርቤ በሦስቱም አቅጣጫ በዓይኔ አያለሁ። አንገት ካለ ከሥራው በፊት አስወግዳለሁ። ብሩህነቱ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው የሚያዘነብል ከሆነ አስተካክላለሁ፤ ለዚህ የሚያገለግለው ኤን3 በ1998፣ ተተኪው ኤን4 በ2010 ታትመዋል። የቢ.ኢ.ቲ.ን የወሰን ቁጥር የምነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የተለመደው 0.5 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ የሚተርፈው ይሰፋል፣ ሲጨምር ይጠብባል። ብዙ ተማሪዎች ከዚህ ቁጥር ይጀምራሉ፤ የማዕከል ስሕተት ግን በወሰን ቁጥር አይድንም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው የሚጠብቀው ጭንቅላት የማን ነው? በዓለም በስፋት የሚሠራበት የሞንትሪያል አማካይ አንጎል የተዘጋጀው ከ152 ጤናማ ወጣት ጎልማሶች ነው። በአንጎሉ ውስጥ ውኃ የተጠራቀመበት ሕፃን፣ በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ዘወትር የሚታየው፣ ለዚህ አማካይ ባዕድ ነው። ፈሳሹ ጥቁር ነው፤ አንጎሉም ወደ ዳር ተገፍቶ ስስ ሆኗል። ኳሱ ሊቆምበት ከሚገባው ስፍራ ቀድሞ ይቆማል፣ ወይም ስሱን አንጎል አልፎ ይሄዳል። በ2019 የታተመው ኤች.ዲ.-ቢ.ኢ.ቲ. የአንጎል ዕጢ ካለባቸው ታካሚዎች ምስል ተምሯል፤ በ2022 የመጣው ሲንትስትሪፕ ደግሞ በኮምፒውተር ከተፈጠሩ እጅግ የተለያዩ ምስሎች ተምሯል። ሁለቱም ታላቅ እርምጃ ናቸው፤ በዓይን ከማየት ግን አያድኑንም።

የዚህ ሥራ ግልባጭ የሆነ ታሪክ በአገራችን አለ። በ2000 በአፋር ዲኪካ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዛሬ ሰላም የምንላትን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ሕፃን አገኘ። በእርሷ ዘንድ የራስ ቅሉ አለ፣ አንጎሉ ግን የለም፤ ቅሉን የሞላው ደለል ነበር። ተመራማሪዎቹ ቅሉን በግሬኖብል ሲንክሮትሮን አስነሥተው፣ አንጎሉ በአጥንቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተወውን አሻራ ፈለጉ። በ2020 የታተመው ጥናት የአንጎሏ አወቃቀር ዝንጀሮ መሰል እንደ ነበረ፣ እድገቱ ግን ረጅም ጊዜ የወሰደ እንደ ሆነ አመለከተ። ክርክሩ የቆመው በአንዲት ስንጥቅ መሰል መስመር አቀማመጥ ላይ ነበር። እኛ አጥንቱን እንጥላለን፣ እነርሱ ጠበቁት፤ ሁላችንም ግን የምንፈልገው ያንኑ አንድ ወሰን ነው። ወሰኑ በጥቂት ሚሊሜትር ቢሳሳት የሰው ዘር ታሪክም የታካሚ ታሪክም ይዛባል።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከአንጎሉ ጋር ፊትም ይነሣል። በ2019 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ከ84 ፈቃደኞች የ70ውን ማንነት ከጭንቅላት ምስላቸው በፊት መለያ ሶፍትዌር ለይተዋል። ስሙ የተሰረዘ ምስል ስም አልባ ነው ማለት አይደለም። ከዋግም ሆነ ከሌላ ስፍራ ብዙ መንገድ ተጉዞ ለምርመራ የመጣ ሰው ምስሉን በአደራ ነው የሰጠን፤ ፊቱ ሳይነሣ ምስሉን ወደ ውጭ መላክ አደራ መብላት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የተበላሹ ውጤቶቻችሁን አትሰርዙ። ከነቁጥራቸውና ከነምክንያታቸው አስቀምጡ። ይህ ታሪክ የተጻፈው በእነርሱ ነውና።