የአረጋውያን መዋያ፤ ከቻይና ሠፈር እስከ ኤል ሴሪቶ



ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር እስካሁን የሠራውን መዘርዘር ተገቢ ነው፤ ይህም በሌሎች ገጾች እንደሚቀርብ አውቃለሁ። እኔ በበኩሌ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ገና ያልሠራነውን አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም የአረጋውያን የቀን መዋያ ነው። “ያልተሠራ ሥራ ምን ታሪክ አለው?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ታሪክ አለው፤ ሌሎች ስደተኞች ከእኛ በፊት እዚሁ አካባቢ ሠርተውታልና። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን እንዳስብበት ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው። ታክሲ ስለምነዳ አልፎ አልፎ ወደ ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ። ከሳን ፓብሎ አቬኑ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ኤል ሴሪቶ ማለት በስፓኝ ቋንቋ ትንሿ ኮረብታ ማለት ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ኮረብታዋ ትንሽ አይደለችም። አንድ ቀን ከቀጠሯቸው ስመልሳቸው በአቋራጩ ልታጠፍ ስል፣ “ልጄ፣ በረጅሙ መንገድ ውሰደኝ፤ ቤት ገብቼ ምን ልሠራ?” አሉኝ። ቆጣሪውን አጥፍቼ በአልባኒ በኩል ዞረን ተመለስን። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሳምንት ወሬ አወሩኝ።

ልጃቸው በምንም አትታማም። ሁለት ሥራ ትሠራለች። ምግቡን ሠርታ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ ከፋፍላ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ትወጣለች። እኒህ እናት የሚበሉትም የሚተኙበትም አላቸው። የጎደላቸው ውሎ ነው።

ይህ ችግር እንዴት እንደመጣ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ ወዲህ ወደዚህ አገር የገባው ወገናችን በአብዛኛው ወጣት ነበር። ወጣቱ ሥራ ያዘ፣ ዜግነት አገኘ፣ ወለደ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ዜጋ ወላጆቹን ያለ ኮታ ማስመጣት ስለሚችል፣ እናትና አባት የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ተጠሩ። ሕፃኑ በቤት ሳለ ውሎው ሙሉ ነበር። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን አያቶች ከጠዋት እስከ ማታ ብቻቸውን ቀሩ። በዚህ ላይ የ1996ቱ የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ከዚያ ወዲህ የገቡ አብዛኞቹ አረጋውያን ዜግነት እስኪያገኙ ድረስ ኤስ ኤስ አይ የተባለውን የፌዴራል ድጎማ እንዳያገኙ ከለከለ። ካሊፎርኒያ በ1998 በራሷ ገንዘብ ማካካሻ ባታቆም ኖሮ ችግሩ ይብስ ነበር።

አሁን የባሕረ ሰላጤውን ድልድይ ተሻግረን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እንሂድ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና ሠፈርና በአጎራባቹ በኖርዝ ቢች ከቻይና፣ ከጣሊያንና ከፊሊፒንስ የመጡ ስደተኞች እያረጁ ነበር። ዶክተር ዊልያም ጂ የተባሉ የጥርስ ሐኪምና ሌሎች የሠፈሩ ሰዎች መፍትሔ ፍለጋ ተነሡ። በመጀመሪያ የታሰባቸው የአረጋውያን መኖሪያ ሆስፒታል መሥራት ነበር። ጥናቱን እንድታካሂድ የተቀጠረችው ማሪ ሉዊዝ አንሳክ የተባለች የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ግን ገንዘቡ የማይቻል መሆኑን አየች። ከዚህም ሌላ ቤተሰቡ አባቱንና እናቱን ከቤት አውጥቶ ለሌላ መስጠትን አይወድም ነበር። እኛስ ከዚህ በምን እንለያለን?

መፍትሔው የተገኘው እንግሊዞች ከሚሠሩበት የቀን ሆስፒታል ነው። አረጋዊው ቀን ማእከል ውሎ፣ ታክሞና በልቶ፣ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ያድራል። በዚህ አሳብ በ1971 ድርጅቱ ተቋቋመ፤ በ1973 የመጀመሪያው መዋያ ተከፈተ። ስሙ ኦን ሎክ ነው፤ በካንቶን ቻይንኛ ሰላምና ደስታ ያለበት ማደሪያ እንደማለት ነው። በአሜሪካ ምድር ከመጀመሪያዎቹ የጤና አገልግሎት ያላቸው መዋያዎች አንዱ ይኸው ነበር።

ቤት መክፈት አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ ማስተዳደር ሌላ ነገር ነው። የመዋያ ሥራ የሚጀምረው ከአዳራሹ ሳይሆን ከአረጋዊው ደጅ ነው። መኪናው ጠዋት ከየቤቱ ይሰበስባል። ማእከሉ ሲደርሱ ነርሷ ግፊትና ስኳር ትለካለች። እንቅስቃሴ፣ ምሳ፣ ጨዋታ አለ። ከሰዓት በኋላ መኪናው መልሶ ያደርሳል። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ሰዉ ይቀራል። ይህን ሁሉ በየወሩ የሚከፍለው ማነው? የኦን ሎክ ታሪክ ከዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ከ1974 ጀምሮ ሜዲካል የቀን አገልግሎቱን ይከፍል ጀመር። በ1979 የፌዴራሉ መንግሥት ለሙከራ ገንዘብ ሰጠ። በ1983 ደግሞ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ አረጋዊ የተወሰነ ወርሃዊ ክፍያ ተቀብሎ፣ ሆስፒታል ቢያስፈልገው እንኳ ወጪውን ራሱ ሊችል ተስማማ። አረጋዊው ካልታመመ ድርጅቱ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ትኩስ ምሳና መጓጓዣ ከሆስፒታል አልጋ እንደሚረክስ ለሁሉም ታየ። ኮንግረስ በ1986 ሥራው በሌሎች ቦታዎች እንዲሞከር ፈቀደ፤ በ1997 ፔስ በሚል ስም ቋሚ የሜዲኬር ፕሮግራም ሆነ። ከአንድ ስደተኛ ሠፈር የተነሣው አሳብ ዛሬ ከ30 በሚበልጡ ስቴቶች ይሠራበታል። በእኛም በኩል ኦክላንድ ውስጥ ሴንተር ፎር ኤልደርስ ኢንዲፔንደንስ የተባለው ድርጅት በዚሁ ሥርዓት ይሠራል።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ጣፋጭ ብቻ አይደለም። ከፔስ ውጭ ያሉት የካሊፎርኒያ የጤና መዋያዎች አብዛኛውን ገቢያቸውን የሚያገኙት ከሜዲካል ነበር። በ2009 ስቴቱ በጀት ሲያጥረው አገልግሎቱን በሳምንት 3 ቀን ሊወስን ሞከረ፤ በ2011 ጭራሹን ሊያስቀር ሕግ አወጣ። ያን ጊዜ ወደ 35,000 የሚጠጉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በመዋያዎቹ ይገለገሉ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አለቀና፣ ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ አገልግሎቱ በሌላ ስምና ጠበቅ ባለ መመዘኛ ቀጠለ። ከዚህ የምንማረው በአንድ ከፋይ ላይ ብቻ የቆመ ቤት በአንድ ፊርማ ሊዘጋ እንደሚችል ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አረጋዊን መጦር የልጅ ግዴታ ስለነበር መዋያ የሚባል አልነበረም። ሽማግሌው በደጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ በገበያና በእርቅ ላይ ይውል ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ጧሪ ላጡ አረጋውያን እንደ መቄዶንያ ያሉ መኖሪያዎች ተቋቁመዋል። ያ ግን ቤት ለሌለው ነው፤ የእኛዎቹ ቤት አላቸው። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ እድር ይመስለኛል። እድር ከተማ ገብቶ ዘመዱ የራቀው ሰው የፈጠረው መረዳጃ ነው። ሥራው ቀብር ነበር። በኋላ ግን በኤች አይ ቪ ኤድስ ዘመን በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች “ለሞተው ብቻ ሳይሆን ላለውም” ብለው ወላጅ አልባ ሕፃናትንና አረጋውያንን ወደ መርዳት ገብተዋል።

የእኛ ማኅበር ግን ከዚህ ላይ ወደ ኋላ የቀረ ይመስለኛል። ሰው ሲሞት በአንድ ምሽት አዳራሽ እንሞላለን፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘቡ በጥቂት ቀን ይሞላል። ይህ የሚያስመሰግነን ነው። ነገር ግን አዳራሹን የምንሞላላቸው ሰው ያለፈውን ሁለት ዓመት ማክሰኞን ከማን ጋር ዋሉ? ብለን ብንጠይቅ የምንመልሰው የለንም።

“ከተማው የአረጋውያን ማእከል አለው፤ ለምን ወደዚያ አይሄዱም?” የሚሉ አሉ። የሚሄዱትን አይቻለሁ። ቋንቋው አይገባቸውም፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ሙስሊም እናቶችም የሥጋውን ነገር ሳያውቁ አይበሉም። ትሪያቸውን ሳይነኩ ይመለሳሉ። ፓራትራንዚት ለመጥራትም አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ኦን ሎክ የሠመረለት ገና ከመነሻው የሠፈሩን ቋንቋና የሠፈሩን ወጥ ስለያዘ ጭምር ነው።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ ሁለት ዓይነት መዋያ አለ። አንደኛው ሕክምና የሌለው የአዋቂዎች መዋያ ሲሆን ፈቃዱን የሚሰጠው የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው ነርስና የአካል ማጎልመሻ ባለሙያ ያሉበት የጤና መዋያ ሲሆን ፈቃዱ ከሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ይወጣል። ሁለቱም ለእኛ አቅም ዛሬ ይከብዳሉ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ምሳና ቡና አዘጋጅቶ መሰብሰብ ግን እንደ ጽዋ ማኅበር ያለ ነገር ነው፤ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ መጫወት ነው። እየቆየ መደገፍና መታጠብ የሚያስፈልጋቸው ሲበዙ፣ ያን ጊዜ ወይ ፈቃድ እናወጣለን ወይ ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር እንዋዋላለን።

ወጪውን በተመለከተ፣ ከአባላት መዋጮ ላይ ጥቂቱ በቋሚነት ይመደብ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረግ የእራት ግብዣ ላይ ብቻ አንደገፍ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ምሳውን የሚሠሩ እናቶች በተራ ይመደባሉ። መኪናውን በሚመለከት ከመካከላችን የታክሲ ሾፌሮች ጥቂት አይደለንም። ጠዋት ከ10 እስከ 11 ሰዓት ሥራ ይቀዘቅዛል። እኔ ማክሰኞን እወስዳለሁ፤ ሐሙስን የሚወስድ አንድ ወንድም ወይም እኅት ይፈለጋል።

እኒያን እናት ባለፈው ሳምንት ሳደርሳቸው ይህን አሳብ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ “ቡናውን ማን ያፈላል?” ብለው ጠየቁኝ። “አላውቅም” አልኳቸው። “እንግዲያው እኔ አፈላለሁ” አሉ።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ጉዳዩ በአጀንዳ እንዲያዝ በትሕትና እጠይቃለሁ። መልካም በዓል!