በ1923 ዓ.ም. የወደቀችው ጂፕሲ ሞዝ እና የመካኒኩ ፊርማ

ይህ ጸሐፊ አምስት ኪሎ በምሕንድስና ተማሪነት ሳለ፣ በሞተር ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ዳዶ ባጠበቀ ቁጥር ልኩን በመዝገብ አስፍሮ እንዲፈርም ይታዘዝ ነበር። ነገሩ አሰልቺ ነበር። የፊርማው ትርጉም የተገለጠለት ግን ቆይቶ፣ የአገራችንን የአቪዬሽን ታሪክ ሲያነብ ነው።

እንደሚታወቀው፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የተበረረው ፖቴዝ 25 ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ለጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ዝግጅት ሲደረግ፣ በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ሃርለም ስሙ የገነነው ሁበርት ጁሊያን የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አስነሥቶ ወደቀ። አብራሪው ተረፈ፤ አውሮፕላኗ ተሰበረች፤ እርሱም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ጁሊያን አውሮፕላኗ ሆን ተብሎ ተነካክታብኛለች ሲል፣ ሌሎች ጥፋቱን በአብራሪው ላይ ጣሉ። ክርክሩም ሳይፈታ ቀረ።

መሐንዲስ ይህን ታሪክ ሲመለከት ከሁለቱ ክሶች ሌላ ሁለት ጥያቄዎች ይነሡበታል። የመጀመሪያው የከፍታ ነው። የጂፕሲ ሞተር ባለአራት ሲሊንደር ሲሆን፣ ጉልበቱ 100 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ይህ ግን በባሕር ወለል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ፣ እንዲህ ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር እንኳ ለከፍታው እንግዳ ለሆነ አብራሪ የታመመ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው የጥገና ስሕተት ነው። የሲሊንደር ማሰሪያ ዳዶ ከልኩ በታች ከጠበቀ፣ ወይም ከሥሩ ቀለም ከቀረ፣ በሞተሩ ንዝረት የብሎኑ ውጥረት ይላላል፤ ብሎኑ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም ሲሊንደሩ ከመቀመጫው ይነቀላል። ክፋቱ፣ ሞተሩ መሬት ላይ ሲፈተን ደኅና ሆኖ ጉዳቱ ከብዙ ሰዓት በረራ በኋላ መታየቱ ነው። ስሕተቱና ውጤቱ በጊዜ ስለሚራራቁ፣ የሚያገናኛቸው የጥገና መዝገብ ብቻ ነው። ተንኮልን ከቸልተኝነት፣ ቸልተኝነትንም ከከፍታ ለይቶ የሚያሳይ ማስረጃ በሌለበት ፍርዱ የሚያርፈው በሚታየው ሰው ላይ ነው።

በ1923 ዓ.ም. በአገራችን አደጋን የሚመረምር የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት አልነበረም። ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ የሆነችበት የቺካጎ ስምምነት የተፈረመው ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስለ አደጋ ምርመራ የሚደነግገው 13ኛው አባሪ የጸደቀው በ1943 ዓ.ም. ነው። የዚህ አባሪ ዋና መርሕ የምርመራ ዓላማ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም የሚል ነው።

በ1927 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ሙያውን የጀመረው በመካኒክነት ነበር። ከነፃነት በኋላም ቴክኒሻኖችን ይዞ ተመልሶ ወጣቶችን አሠልጥኗል። በታሪክ የሚነሣው ግን ይበልጡን በአብራሪነቱ ነው። መካኒክ የሚታወሰው ሞተር ሲቆም ብቻ ነውና።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በሥራ ማብቂያ ላይ የምናኖረው ፊርማ የቢሮ ልማድ መስሎ አይታየን። ለማናውቀው መንገደኛ የሰጠነው ቃል፣ በሐሰት ለሚከሰስ ባልንጀራም ምስክር ነው።