ማርን በብርሃን መለካት

ላስታና ማር በስምም በታሪክም የተሳሰሩ ናቸው። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ የንብ መንጋ ስለከበበው፣ እናቱ «ንብ ንግሥናውን አወቀች» የሚል ትርጉም ያለው ስም እንዳወጣችለት በአፈ ታሪክ ይነገራል። ይሁን እንጂ የማር ጥራት ለብዙ ዘመን ሲመዘን የቆየው በዓይን፣ በምላስና ከጣት ላይ ሲንጠባጠብ በሚስበው ክር ነው። ባለንቡ «ወፍራም ነው»፣ ነጋዴው «ቀጭን ነው» ሲሉ ዳኛ አልነበራቸውም።

ዳኛው የተገኘው ከብርሃን ነው። በትር ውኃ ውስጥ ሲነከር የተሰበረ የሚመስለው ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ነው። በውኃው ውስጥ ስኳር በበዛ ቁጥር መታጠፉም ይጨምራል። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ ይህን መታጠፍ በቁጥር የሚያሳይ ሪፍራክቶሜትር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1874 አሠራሩን አሳተመ። መሣሪያው በስኳር ፋብሪካዎች ተስፋፋ፤ ንባቡም «ብሪክስ» በተባለ መለኪያ ይገለጻል። ብሪክስ 20 ማለት በ100 ግራም ብጥብጥ ውስጥ 20 ግራም ስኳር አለ ማለት ነው። በአገራችንም ዘመናዊ የስኳር ምርት በወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ተጀመረ።

በማር ላይ የሚፈለገው ግን በተለይ የውኃው መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በካናዳ የወጣው የቻታዌይ ጥናት የብርሃኑን መታጠፍ ከማር እርጥበት ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ አበረከተ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውኃ 1.3330 ያነባል፤ 17 ከመቶ እርጥበት ያለው ማር 1.4940፣ 20 ከመቶ ያለው ደግሞ 1.4865 ገደማ ያነባል። እርጥበቱ ከ20 ከመቶ ያለፈ ማር በቀላሉ ይቦካል፤ ዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃም ለአብዛኛው ማር ከዚህ በላይ አይፈቅድም። ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር የገባችው እ.ኤ.አ. በ2008 በመሆኑ፣ ይህ ቁጥር ለገበሬው የገበያ ጉዳይ ሆኗል።

አለካኩ ቀላል ነው። አንድ ጠብታ ማር በመሣሪያው መስታወት ላይ ይደረጋል፤ ክዳኑ ይዘጋል፤ ወደ ብርሃን ዞሮ ጥላው ያረፈበት ቁጥር ይነበባል። እንደ ላስታ ነጭ ማር የረጋ ከሆነ በተዘጋ ዕቃ ቀስ ብሎ ሞቆ፣ ቀልጦና ቀዝቅዞ መለካት አለበት፤ አለበለዚያ ንባቡ ይዛባል።

መሣሪያው የማይናገረውም አለ። ወፍራም የስኳር ሽሮፕ የተቀላቀለበት ማር እርጥበቱ ዝቅተኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ብርሃን የውኃውን መጠን እንጂ የሻጩን ሐቀኝነት አይመሰክርም። እንጀራው በሰም ሳይከደን አለመቁረጥ፣ ንጹሕና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ መያዝ፣ ምንም ነገር አለመቀላቀል የአባሉ ድርሻ ነው። ማኅበሩ ማሩን ሲረከብ ለክቶ ቁጥሩን ከመዘገበ፣ ጥሩ ማር ያመጣው አባል ከቀጭኑ ጋር በአንድ ዋጋ አይቀላቀልም፤ ነጋዴውም «ቀጭን ነው» ብሎ ዋጋ ለመቁረጥ ምክንያት ያጣል።