የአያቴ አራት ጥማድ

እኔ እግዜር ይመስገን፣ በሞያሌ በኬንያው በኩል አለሁ። ሰሞኑን የአጎቴ ልጅ ደውሎ «አገር ሲረጋጋ የአያታችንን መሬት እናስመልሳለን» አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሴን እዚህ ልጻፈው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። እኛ ጎጃሞች በርስት እንኖር ስለነበር «መሬት ለአራሹ» የደቡቡን ጭሰኛ ያህል አላስደሰተንም። አያቴ ግን ተቀበሉት። በገበሬ ማኅበሩም የፍርድ ሸንጎ አባል ሆነው ተመረጡ። መዘዙ የመጣው በኋላ ነው።

በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 16 መሬት እንደገና ሸነሸነ። ዓላማው መሬት ላልነበራቸው ማድረስ ነበር። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር፣ ማለትም 12 ጥማድ፣ ሲፈቀድለት በደርግ ጊዜ ኃላፊነት የነበረው «ቢሮክራት» ተብሎ ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ልኩ በመሬቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን በወጣለት ስምም ነበር።

ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አያቴ 9 ጥማድ ነበራቸው። ወደ ስብሰባው አልተጠሩም። ገመድ የያዙት ሰዎች ሲመጡ ጋቢያቸውን ደርበው ድንበሩ ላይ ቆሙ፤ ምንም አልተናገሩም። 4 ጥማድ ቀረላቸው። በዚያው ክረምት አንዱን በሬ ሸጡ።

ይህንንም ግን አንርሳ። ከባሏ ተለይታ አያቴ ቤት የተጠጋችው አክስታችን በዚያው ሽንሸና በራሷ ስም መሬት አገኘች፤ ልጆቿን ያሳደገችው በእሱ ነው። የአያታችንን 5 ጥማድ የወሰዱትም መሬት ያልነበራቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አዋጁን እነሱ አልጻፉትም። ያ ክፍፍል ይሻር ካልን የአክስታችንም ማሳ አብሮ ይሻራል።

እዚህ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የማኅበረሰብ መሬት ሕግ፣ የተመዘገበ ማኅበረሰብ መሬቱን ለሌላ አሳልፎ ለመስጠት ቢያንስ የሁለት ሦስተኛ አባላቱን ድጋፍ እንዲያገኝ ያዛል። ሳነበው አያቴን አሰብኩ። እሳቸው አንድ ድምፅ እንኳ አልነበራቸውም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እኔ ጎረቤት ለማስነቀል አልመጣም። አያታችን ያለአግባብ ስም እንደወጣላቸው፣ ሳይሰሙም እንደተፈረደባቸው ግን ለልጆቻችን እናስተምር። አገር ስንገባ መጀመሪያ አክስታችንን እንጠይቅ፤ ከዚያ ስለ መሬቱ እንነጋገራለን።

ሰላም እደሩ።