ስማቸውን መጻፍ ያቃታቸው ሴት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1901 የ51 ዓመቷ ወይዘሮ አውጉስተ ዴተር በጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ስማቸውን ጠየቃቸው። «አውጉስተ» አሉ። የቤተሰባቸውን ስም ቢጠይቃቸውም «አውጉስተ»፤ የባለቤታቸውንም ስም ቢጠይቃቸው «አውጉስተ መሰለኝ» አሉት። ስምዎን ይጻፉ ሲባሉ «ወይዘሮ» ብለው ጀመሩና ቀሪው ጠፋባቸው።

በእኛ አገር እንዲህ የሆነ ሰው «ጃጀ» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝና፣ ፊርማቸው ከካርዱ ጋር አልገጥም ያለ አረጋውያን ያጋጥሙኛል። እጅ ደክሞ ይሁን ልብ ዘንግቶ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኖ መለየት አይቻልም። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ሐኪሞችም የአረጋውያንን መርሳት ከእርጅና ነጥለው አያዩትም ነበር። የወይዘሮ አውጉስተን መርሳት ግን በእርጅና ማሳበብ አልተቻለም።

ወይዘሮዋ በኤፕሪል 1906 ሲያርፉ አልዛይመር ሙኒክ ነበር። አንጎላቸው ተልኮለት በማይክሮስኮፕ ቢመረምር ሁለት ነገር አየ፤ በነርቭ ሕዋሳት መካከል የተጋገረ ዝቃጭ፣ በሕዋሳቱም ውስጥ የተቋጠረ ክር። በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ ለሐኪሞች ጉባኤ ሲያቀርብ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በ1910 ግን ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ሕመሙን በአልዛይመር ስም ጠራው።

የዝቃጩና የክሩ ምንነት እስኪታወቅ ትውልድ አለፈ። በ1984 ጆርጅ ግሌነርና ኬይን ዎንግ ቤታ አሚሎይድ የተባለውን ፕሮቲን ለዩ፤ ዝቃጩ የተሠራው ከእሱ ነው። ክሩ ታው ከተባለ ሌላ ፕሮቲን መሠራቱም በዚያው በ1980ዎቹ ታወቀ።

መማር ማለት የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙበት ድልድይ መጠንከሩ ነው። ቤታ አሚሎይድ ገና ዝቃጭ ሳይሆን፣ በትንንሹ ሲሰባሰብ ይህን ድልድይ ያላላል። ጤነኛ ታው የሕዋሱን የውስጥ መንገድ ደግፎ ይይዛል፤ ሲታመም ግን ከመንገዱ ተላቅቆ ይቋጠራል። ጥፋቱ ቀድሞ የሚበረታው አዲስ ትዝታ በሚመዘገብበት በሂፖካምፐስና በአካባቢው ነው። የሠርጋቸውን ቀን አሳምረው የሚተርኩ እናት ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት ለዚህ ነው፤ መዝገቡ በመጀመሪያ አይቀደድም፣ አዲስ ገጽ አልጻፍ ይላል እንጂ።

በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት ቤታ አሚሎይድን ይጠርጋል። የሕመሙን ጉዞ በመጠኑ ያዘገያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

የወይዘሮ አውጉስተ የሕክምና ማኅደር ለረጅም ዘመን ጠፍቶ በ1995 ፍራንክፈርት ውስጥ ተገኘ። ራሳቸውን እንዳጡ ራሳቸው መናገራቸው ተመዝግቦልናል። እንግዲህ የሚረሳ ሰው መርሳቱን ሊያውቅ ይችላል፤ ሊያመውም ይችላል። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ «ጃጁ» ብለን ከማለፋችን በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው፤ ሲመልሱም እናዳምጣቸው።