እንግዳና ከተማ፤ ስለ ምግብ ቤትና ስለ ቡና ቤት አጀማመር በአዲስ አበባ

ለሙግት ወይም ለሕክምና ወይም ለቤተ ክህነት ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የመጣ የአገር ቤት ሰው፥ ዛሬ ከአውቶቡስ እንደ ወረደ «ከየትኛው ምግብ ቤት ልግባ» ብሎ ዐይኑን ወዲያና ወዲህ ይጥላል። ገብቶም ይቀመጣል፤ የማያውቀው ሰው ያቀርብለታል፤ በልቶ ይከፍላል፤ ወጥቶ ደግሞ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል። ነገሩ ለኛ ዘመን ሰው ከመልመዱ የተነሣ ታሪክ ያለው አይመስልም። ነገር ግን ከ120 ዓመት በፊት በዚህችው ከተማ እያንዳንዱ ድርጊት፥ ይኸውም በገንዘብ መብላት፥ በማያውቁት ሰው ፊት መብላት፥ ቡናም መጠጣት፥ ለጨዋ ሰው ነውር፥ ለካህንም ከነውር የባሰ ሆኖ ይቈጠር ነበር። ነውሩ እንዴት ልማድ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

በቀድሞው ሥርዐት መንገደኛ የሚበላው በሰው ቤት ነው። መሽቶበት ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ሲል፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ከተገኘው ያበላዋል። ከንጉሥ ዘንድ የመጣ እንግዳ ወይም የውጭ አገር ሰው ሲሆን ድርጎ ይታዘዝለታል፤ እንጀራው፥ በጉ፥ ጠጁ ከየመንደሩ ይሰበሰብለታል። (ድርጎውን የሚያዋጣው ባላገር በዚህ ደስ ይለው ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር አላምነውም።) የቆሎ ተማሪም ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሹን ይለምናል። በየገበያው ጠላና አረቄ የሚሸጡ ሴቶች አልጠፉም፤ ነገር ግን ማዕድ ዘርግቶ ለመንገደኛ እህል መሸጥ ድህነትን ወይም ንፍገትን በአደባባይ ማወጅ ነበር። እህል የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረምና።

ሁለተኛው ነገር ዐይን ነው። ንጉሥ ሲበላ መጋረጃ ይጋረዳል፤ መኳንንቱም ይህንኑ ሥርዐት ይከተሉ ነበር። ተራውም ሰው ቢሆን ደጁን ሳይዘጋ አይበላም፤ ምክንያቱም የሰው ዐይን ይፈራል፤ ደግሞም ሲያላምጡ መታየት ከክብር ያጎድላል። ዛሬ ፊቱ ሁሉ መስተዋት በሆነ ቤት ተቀምጦ መንገደኛውን እያየ፥ በመንገደኛውም እየታየ የሚጎርስ የከተማ ሰው፥ አያቱ ቢያዩት ምን ይሉ እንደ ነበር ለማሰብ አይቸግርም።

በዘመነ ምኒልክ ብዙ ሰው በአንድ ቤት የሚበላበት አንድ ታላቅ ስፍራ ነበረ፤ እርሱም የቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ነው። በግብር ቀን ብዙ ሺህ ሰው በየተራው እየገባ ይበላ ነበር። ነገር ግን ግብር በማዕርግ የተደለደለ ነው፤ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፥ ለማን ምን ዐይነት ጠጅ እንደሚቀዳ አሳላፊው ያውቃል። ግብር የበላ ሰው ሆዱን ብቻ ሞልቶ አይወጣም፤ የማን ሰው እንደ ሆነም ታውቆለት ይወጣል።

እንግዲህ እቴጌ ጣይቱ በአራዳ ያሠሩት ሆቴል ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚገለብጥ ነገር ነበር። ቤቱ ከ1898 እስከ 1900 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተሠርቶ ተከፈተ። የሐበሻ ባንክም ሥራውን የጀመረው በዚያው በ1898 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ብር የሚቀመጥበት ቤትና ብር የሚበላበት ቤት ባንድ ዘመን መጡ ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ወደ ከተማው የሚመጡ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች በዝተው ነበርና፥ ሁሉን በድርጎ ማስተናገድ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ፈረንጆቹ ወደ ሆቴሉ ለመግባት አልቸገራቸውም፤ የተቸገረው የአገሩ ሰው ነው። ሲነገር እንደሚሰማው፥ ዐፄ ምኒልክ መኳንንታቸውን ይዘው ወደ ሆቴሉ ሄደው በሉ፤ ከበሉም በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ሒሳባቸውን ከፈሉ፤ መኳንንቱንም እንዲሁ አድርጉ አሏቸው። እነርሱም ለጊዜው የንጉሡን ቃል ፈጸሙ እንጂ፥ ብቻቸውን ተመልሰው ለመግባት ብዙ ጊዜ አፈሩ ይባላል። ትረካው በአንዳንድ ነገር ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ የኀፍረቱን ዐይነት ግን በትክክል ያሳያል። መኳንንቱን ያሳፈራቸው ብሩን ማውጣት አልነበረም። የንጉሥ ማዕድ ሰውን የንጉሥ ሰው ያደርገዋል፤ የተከፈለበት ማዕድ ግን ሰውን የማንም ሰው አያደርገውም። በልቶ ከፍሎ የወጣ ሰው ለማንም ውለታ የለበትም፤ ለእርሱም ማንም የለውም። ይህ ነፃነት ነው ወይስ ብቸኝነት ብሎ ለሚጠይቅ፥ ሁለቱም ነው እላለሁ።

ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ኀፍረቱ እየቀለጠ ሄደ፤ ዘመድ የሌለው ሰው በከተማው በዝቷልና። ቃሎቹም አብረው ተለወጡ። «ሆቴል» በፈረንጅ ቋንቋ ማደሪያ ሲሆን፥ በኛ አገር በየትንሹ ከተማ የመብል ቤት ስም ሆነ፤ አንድ ሰው አልጋ በሌለበት ቤት ደጃፍ «ሆቴል» ተብሎ ተጽፎ ቢያይ አይገረምም። «ጉርሻ»ን ደግሞ ተመልከቱ። ጉርሻ ወዳጅ ለወዳጁ በእጁ ጠቅልሎ የሚያጎርሰው ነው። በምግብ ቤት ግን ከሒሳቡ በላይ ለአስተናጋጁ የሚተውለት ገንዘብ ጉርሻ ተባለ። ቅኔ የቆጠረ ሰው በዚህ ቃል ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ሊያይ ይችላል፤ ነገር ግን ሰሙ ቀልጦ ወርቁ የቀረበት ቅኔ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ምናልባት የቀረው ሰሙ ይሆናል።

አሁን ወደ ቡና እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዓመት የደጋው ክርስቲያን በብዛት ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይጸየፍ ነበር፤ ካህናቱም ይከለክሉ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ትንባሆ የሚያጨሰውንና ሱረት የሚስበውን በብርቱ ሲቀጡ፥ ቡናም ከዚያው ተርታ ይታሰብ ነበር። በቡና ዙሪያ ዛርና አድባር ይለመንበታል የሚለውም ጥርጣሬ ጥላቻውን አጸናው፤ ይህኛው ጥርጣሬ ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም። ነገር ግን ክልከላው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ሲዘጋጅ ቡና መጠጣት ገና በዓለም አልተስፋፋም ነበርና ስሙን እንኳ አያነሣም። የተከለከለው መጠጡ ስለ ረከሰ ሳይሆን ጎረቤት ስለ ጠጣው ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ የሚለይበትን ምልክት ሲፈልግ ከሃይማኖቱ ይልቅ ማሰሮውን ቀድሞ ያያልና። በሌላ በኩል ደግሞ በጣና ዳር በዘጌ፥ በገዳማቱ አጸድ ቡና ይተከል ነበር፤ የአገሩም ትውፊት ቡናንና ጌሾን ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም በረከት ይቈጥራል። እንግዲህ አንዱ ካህን የሚያወግዘውን ሌላው ካህን ይተክለው ነበር ማለት ነው።

ክልከላውን የሰበሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን፥ በ1890 ዓ.ም. ካፋን በያዙ ጊዜ ቡና የሚያበቅለው አገር በመንግሥቱ ውስጥ ሆነ፤ የቡናም ቀረጥ የመንግሥት ሀብት ሆነ። ቀረጡን እየበሉ ፍሬውን መጸየፍ ብዙ አይዘልቅም። ሁለተኛው፥ ንጉሡ ራሳቸው ቡና ጠጡ፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ ለማስተው ደከሙ። አቡኑ ግብፃዊ ነበሩ፤ በግብፅ ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም ቡና ይጠጣል። ከአገሩ ወጥቶ ያየ ሰው፥ ሌላው የሃይማኖት ነገር የሚመስለው ብዙ ነገር የመንደር ነገር መሆኑን ያውቃል።

ቡናን መክሰስ የኛ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1511 የመካ ገዥ ኻይር በይ ሊቃውንትንና ሐኪሞችን ሰብስቦ ቡናን አስከለከለ፤ ከካይሮ የነበረው ሱልጣን ግን ትእዛዙን አላጸናውም። በኢስታንቡል የመጀመሪያዎቹን ቡና ቤቶች በ1555 ገደማ የከፈቱት ከሐለብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በ1633 ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ዘጓቸው፤ በኋላ ተመልሰው ተከፈቱ። በሎንዶን በ1652 ፓስኳ ሮዜ የሚባል ከምሥራቅ የመጣ ሰው ቡና መሸጥ ጀመረ። ቡና ቤቶቹም በዝተው ነጋዴው፥ ጸሐፊው፥ ሊቁ በአንድ ሳንቲም ቡና እየተቀመጠ የሚከራከርባቸው ስፍራዎች ሆኑ፤ የታወቀው የሎይድ ኢንሹራንስ ማኅበር የተወለደው ከቡና ቤት ነው። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በ1675 መጨረሻ ቡና ቤቶቹ ሁሉ እንዲዘጉ ዐወጀ፤ ሕዝቡ ስለ ጮኸ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ዐዋጁን መለሰው። ገዥዎቹ የፈሩት ጥቁሩን ውሃ አልነበረም። ወይን የጠጣ ይሰክራል፤ ቡና የጠጣ ግን ይነቃል፤ የነቃ ሰው ከማያውቀው ሰው ጎን ሲቀመጥ የመንግሥትን ነገር ያነሣል። የኛ ካህናት የእስላምን ጉርብትና ሲፈሩ፥ የሎንዶን ንጉሥ የወሬን ጉርብትና ፈራ።

የቡና ነገር ከየት ወደ ደጋው እንደ መጣ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፥ ቃሎቹን ይጠይቅ። አቦል በዐረብኛ «ፊተኛ»፥ ቶና «ሁለተኛ»፥ በረካም «በረከት» ማለት ነው፤ ፍንጃልና ስኒም ከዚያው ወገን ናቸው። «ካፌ» የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰው ከካፋ አገር ስም ያወጣዋል፤ ይህ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን «ቀህዋ» የሚለው የዐረብኛ ቃል ለቡና ከመሰጠቱ በፊት የወይን ጠጅ ስም ስለ ነበረ፥ ክርክሩ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። እያንዳንዷ ክርስቲያን እመቤት በየቀኑ ሦስት ጊዜ ስታስቀዳ ያንን የተጸየፍነውን የጎረቤት ቋንቋ ትናገራለች፤ ማንም አያስተውላትም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ሌላ ዐይነት ቡና መጣ። በእንፋሎት ኀይል ቡናን በቅጽበት የሚያወጣው መኪና በሚላኖ ሰው በቤዜራ እጅ በ1901 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተመዝግቦ ነበር። አራዳ ፒያሳ ተባለ፤ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተባለ፤ ስሞቹ ከባለቤቶቻቸው በኋላ ቀሩ። ማኪያቶም ቀረ፤ በጣልያንኛ «የተነጠበበት» ማለት ነው፤ ቡናው ወተት ተነጥቦበታልና። በ1945 ዓ.ም. የተቋቋመው ቶሞካ በዚሁ ሥርዐት ቡናን እየቆላ፥ ለቆመ ሰው ይቀዳ ጀመር። ቆሞ መጠጣት! በኛ ዘንድ ቆሞ የሚበላና የሚጠጣ መንገድ የቸኮለ ሰው ወይም ፈረስ ነው። ሆኖም በረጃጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሹሙም ጸሐፊውም ተማሪውም ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሲጠጡ፥ አሳላፊው ማዕርግ የሚለይበት ወንበር ጠፋ። ግብር ያላደረገውን ስኒ አደረገው።

«ቡና ቤት» የሚለው ስም ግን ክፉ ዕድል ደረሰበት። በየከተማው ቢራና አረቄ የሚሸጥበት፥ ሌሊት የሚታደርበት ቤት ይህን ስም ወሰደው፤ እስከ ዛሬም አንድ ካህን «ቡና ቤት ገባ» ቢባል ሰሚው ቡናን አያስብም። ስለዚህ ቡናው የገዛ ቤቱን ለአረቄ ለቅቆ «ካፌ» በሚባል በባዕድ ስም ተጠለለ።

በቅርብ ዘመን ደግሞ የማይጠበቅ ነገር ታየ። መኪናው ጀበናን ያጠፋዋል ሲባል ጀበናው ከቤት ወጥቶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። በየሕንፃው ሥርና በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ሴቶች ቄጠማ ጎዝጉዘው፥ ዕጣን አጢሰው፥ በአጫጭር በርጩማ ላይ ለሚቀመጥ መንገደኛ ይቀዳሉ። ሥርዐቱ ግን ተቆርጧል፤ አቦሉ ይሸጣል፤ ቶናና በረካ የለም። በረካው እስኪቀዳ ጎረቤት ተቀምጦ የተጣላ ይታረቅበት የነበረው ጊዜ በብር አይገዛምና፥ ሻጭዋን መውቀስ አይገባም። ምግብ ቤቶቹም ጾምን አልረሱም፤ ረቡዕና ዓርብ ከተማው በሙሉ በየዐይነቱ ያዝዛል፤ በኬክ ቤቱ እንኳ የጾም ኬክ ይገኛል። ከቀድሞዎቹ ስፍራዎች ግን ብዙው የለም። የእቴጌ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ግማሽ አካሉ በእሳት ተጎዳ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳ አሮጌ ሰፈር ትልቁ ክፍል ፈረሰ፤ በዚያ ይቀመጡ የነበሩትም ወደ ከተማው ዳር ሄዱ።

አንድ ልማድ ብቻ ከ«ቤት ለእንግዳ» ዘመን ሾልኮ ወደ ካፌው ገብቷል። ሁለት ሰዎች አብረው በልተው ሒሳብ ሲመጣ ይጣላሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ በእናት ሞት ይማማላሉ። ከሩቅ ሀገረ ስብከት ለጉዳይ የመጣ ቄስም በማዕዘን ተቀምጦ ቡናውን ጠጥቶ ከቀሚሱ ሥር ብሩን ሲፈልግ፥ አስተናጋጅዋ መጥታ «አባቴ፥ ተከፍሏል» ትለዋለች። የከፈለው ሰው አስቀድሞ ወጥቷል።