የኒውግሬንጅ መቃብርና ሁለቱ ግንበኞቹ

በ1699 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አየርላንድ፣ በሚዝ አውራጃ፣ በቦይን ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ ይኖር የነበረ ቻርልስ ካምቤል የተባለ ባለርስት ለመንገድ ሥራ ድንጋይ አስፈለገው። ሠራተኞቹም በርስቱ ላይ ከነበረው ትልቅ ጉብታ ድንጋይ ሲያወጡ ጠመዝማዛ መስመሮች የተቀረጹበት አንድ ግዙፍ አለት፣ ከእርሱም ኋላ ወደ ጉብታው ሆድ የሚዘልቅ ጠባብ መተላለፊያ አገኙ። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ሉዊድ የተባለው የዌልስ ሊቅ ስፍራውን ጎብኝቶ ያየውን ጽፎ አስተላለፈ። ዛሬ ኒውግሬንጅ ተብሎ በዓለም የሚታወቀው የአዲሱ የድንጋይ ዘመን መቃብር ከተረሳበት የወጣው እንዲህ ባለ ተራ ምክንያት ነበር።

መቃብሩ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ነው። ይኸውም የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ከመገንባቱ ስድስት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ማለት ነው። ጉብታው ወገቡ 85 ሜትር ያህል፣ ከፍታው ከ11 ሜትር የማያንስ ሲሆን፣ ዙሪያውን 97 ትላልቅ የጠርዝ ድንጋዮች ከበውታል። በውስጡ የተከመረው ድንጋይና አፈር እስከ 200000 ቶን እንደሚደርስ ይገመታል። ሠሪዎቹ የብረት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ መንኮራኩርም አያውቁም። ይህም ሆኖ ነጩን ኳርትዝ ከደቡብ ከዊክሎ ተራሮች፣ ክብ ክቡን የግራናይት ድንጋይ ደግሞ ከሰሜን ከባሕሩ ዳርቻ አምጥተዋል።

በሙያው ላለ ሰው ግን ከክምሩ ብዛት ይልቅ የሚያስገርመው ጣሪያው ነው። 19 ሜትር ያህል የሚረዝመው መተላለፊያ በመጨረሻው በሦስት ወገን ጓዳ ወዳለው ክፍል ያደርሳል። የዚህ ክፍል ጣሪያ 6 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ጠፍጣፋ ድንጋዮች በረድፍ እየተነባበሩ፣ እያንዳንዱም ረድፍ ከበታቹ ካለው ጥቂት ወደ ውስጥ እየገፋ፣ ክፍተቱ በየደረጃው እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ በአንድ ድንጋይ ተከድኗል። ኖራም ሆነ ሌላ ማጣበቂያ የለውም። እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ውስጥ እንዳይገለበጥ የያዘው በጭራው ላይ የተጫነው የክምሩ ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ጣሪያውና ክምሩ አብረው እያደጉ መሠራት ነበረባቸው፤ አንዱ ከሌላው ቢቀድም ሥራው በፈረሰ ነበር።

በዝናባማው አየርላንድ የውሃው ጉዳይም እንዲሁ በጥንቃቄ ታስቦበታል። የጣሪያው ድንጋዮች ውጫዊ ጫፋቸው ዘንበል ያለ ስለሆነ ውሃው ከክፍሉ ይርቃል። በመተላለፊያው ጣሪያ ድንጋዮች ጀርባ ላይ ደግሞ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቦዮች ተፈልፍለዋል፤ መጋጠሚያዎቹም በተቃጠለ አፈርና በባሕር አሸዋ ተደፍነዋል። ክፍሉ እስከ ዛሬ ደረቅ ነው። የመቃብሩ ዕድሜ የታወቀውም በዚሁ ድፋን ምክንያት ነው፤ በውስጡ የተገኘው ከሰል በራዲዮካርቦን ዘዴ ተመርምሮ የግንባታውን ዘመን ገልጧል። የውሃ መከላከያ ሥራ ለታሪክ እንዲህ ያለ ምስክርነት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያወቀው ከ1962 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ቁፋሮውን የመራው የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የአርኪዮሎጂ ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ ነው። ከመግቢያው በላይ ያለውን መስኮት መሰል ክፍተት አጽድቶ ከገለጠ በኋላ፣ ፀሐይ በአንድ የተወሰነ ቀን ወደ መቃብሩ ትገባለች የሚለውን የአካባቢውን ሕዝብ ወግ ለመመርመር ወሰነ። መተላለፊያው ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት በመሆኑ ቀኑ የክረምቱ አጭር ቀን መሆን እንዳለበት ገምቶ፣ ታኅሣሥ ወር ላይ በ21ኛው ቀን በ1967 እ.ኤ.አ. ጎሕ ሳይቀድ በክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። ፀሐይ እንደ ወጣች ቀጭን ጨረር በዚያ ክፍተት ገብታ እስከ ውስጠኛው ክፍል ደረሰች። ብርሃኑ የሚቆየው 17 ደቂቃ ያህል ነው። የመተላለፊያው ወለል ወደ ውስጥ ሲገባ ቀስ በቀስ ስለሚነሣ የክፍሉ ወለል ከመግቢያው 2 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከላይኛው ክፍተት ጋርም ይስተካከላል። በሩ የሚያስገባው ብርሃን ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ደረጃው በልክ የተያዘ እንጂ በአጋጣሚ የተገኘ አይመስልም።

በክፍሉ ውስጥ የተገኘው አጽም ጥቂት ነው፤ የአምስት ሰዎች ያህል ቅሪት፣ ከፊሉ የተቃጠለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከመካከላቸው የአንዱን ወንድ ዘረመል መርምረው ወላጆቹ እጅግ የቅርብ ሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ደረሱበት፤ ከዚህም በመነሣት የነገሥታት ዓይነት ሥርወ መንግሥት ነበረ የሚል አሳብ አቀረቡ። ሌሎች ሊቃውንት ከአንድ ሰው አጥንት ብቻ ይህን ያህል መደምደም አይገባም ብለው ተቃውመዋል። ተቃውሟቸው ሚዛን የሚደፋ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው ግን ኦኬሊ ራሱ ያስገነባው ነው። ከጠርዙ ድንጋዮች ፊት ለፊት ነጭ ኳርትዝና ግራናይት በብዛት ተደርምሶ ተገኘ። ኦኬሊ አወዳደቁን አጥንቶ፣ የናሙና ግንብም አስሠርቶና አስፈርሶ ካስተያየ በኋላ፣ ድንጋዩ በአንድ ወቅት ከጠርዙ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ 3 ሜትር ያህል ግድግዳ ነበር ሲል ወሰነ። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው አንጸባራቂ ግንብ በዚህ ውሳኔ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ግንቡን ከኋላው ደግፎ የያዘው አርማታ ነው። ተቺዎቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ያለ አርማታ በዚያ ቁመት የማይጸና ግድግዳ በድንጋይ ዘመን እንዴት ቆመ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የጥንቶቹ ሠሪዎች የክምርን ግፊት ምን ያህል ያውቁ እንደ ነበር ጣሪያቸው ይመሰክራል፤ እንዲህ ያለ ዕውቀት የነበራቸው ሰዎች ልቅ ክምርን ቀጥ ባለ ደረቅ ግንብ ያግዱታል ማለት ያጠራጥራል።

በሌላ በኩል ኦኬሊ ጉብታውን እንዳለ ቢተወው ኖሮ ድንጋዩ መንሸራተቱን ባላቆመ፣ ወደ ውስጥ ያዘነበሉት የመተላለፊያው ምሰሶዎችም ባልተቃኑ ነበር። አደጋውን ለማስወገድ የተሠራውና ለውበት የተሠራው በአንድ አርማታ ተጋምደው ስለ ቀሩ አሁን አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ከመግቢያው ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ የታጠፈው የጥቁር ድንጋይ ግንብ ለጎብኚዎች መግቢያ ሲባል በዘመናችን የተጨመረ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የጥንቱ አድርጎ ይወስደዋል።

በዚያው ሸለቆ፣ ከኒውግሬንጅ ብዙም በማይርቀው በናውዝ፣ ፕሮፌሰር ጆርጅ ኦገን ተመሳሳይ ኳርትዝ ከመቃብሩ መግቢያ ፊት ለፊት አገኘ። እርሱ ግድግዳ አላስቆመም፤ ድንጋዩን በተገኘበት ስፍራ፣ እንደ ንጣፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ተወው።